ጋቢውን የላጨው መላጫ

ለአባቴ የጺም መላጫ ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለሌላ ሰው አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። እኔ ግን መላጫው ላይ የተንጠለጠለ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ፤ ያንን ደግሞ ለአባቴ መናገር አልችልም።

እናቴ ስትሞት አባቴ ጺሙን አሳደገ። ሐዘንተኛ ጺሙን ማሳደጉ የተለመደ ነው፤ ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ግን ይላጫል። የእናቴ ሙት ዓመት ካለፈ ወራት ቢቆጠሩም ጺሙ ንቅንቅ አላለም። አባቴ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ሸማኔ ነው፤ ድሩ ላይ ባጎነበሰ ቁጥር ጺሙ አብሮት ያጎነብሳል። አንዲት ደንበኛ የገዛችውን ነጠላ መልሳ አመጣችና ጥለቱ አጠገብ አብሮ የተሸመነ ረጅም ነጭ ፀጉር አሳየችው። አባቴ በጥፍሩ ይዞ ጎተተው። አልወጣም።

«ሥራው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ አየሽ?» አላት።

እኔን ያስጨነቀኝ ነጠላው አይደለም። ላገባው ያሰብኩት ሰው ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ተዘጋጅተው፣ አስቀድመው በአክስቴ በኩል አንድ ነገር ጠየቁ፤ አባትየው ሐዘናቸውን አውጥተዋል ወይ? አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ውሸት አይሆንላትም። «ጺሙ አልወረደም» አለቻቸው። «እንግዲያው እንጠብቃለን» አሉ። ሐዘን ላይ ካለ ሰው ደጃፍ ቆሞ ልጅዎን ይስጡን ማለት ነውር ነው።

ለአባቴ ማን ይንገረው? እኔ እንደሆንኩ እንኳን ስለ ትዳር፣ ጨው ጎደለው ለማለትም ቃል እመርጣለሁ። አክስቴን ብለምናት ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ብነግረው በዚያ ጺም ውስጥ ሆኖ ነው የሚመልስልኝ» አለች። «ከዚያ ውስጥ ጥሩ መልስ አይወጣም። መጀመሪያ ይላጭ።»

ትዳሬ እንዲህ ሆኖ በአባቴ አገጭ ላይ ተንጠለጠለ።

ፀጉር ቤት መሄድ ቀላል ይመስላል። ሄዶ ያውቃል፤ ማሽን የነካው ዕለት አንገቱ በሙሉ በሽፍታ ይሞላል። ከተጋቡ ጀምሮ በየቅዳሜው ትላጨው የነበረችው እናቴ ናት። ምላጭ ለሁለት ሰብራ፣ ግማሹን በሁለት ጣቶቿ መካከል ይዛ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታደማው። ያንን አያያዝ ለማንም አላስተማረችም። አክስቴ አንድ ቀን ሞክራ የራሷን አውራ ጣት ቆረጠች። የቀረው መንገድ ምላጩን በሁለት ብረት መሃል አቅፎ ጠርዙን ብቻ ብቅ የሚያደርግ፣ ለጀማሪ የሚሆን፣ ዋጋውም አቅማችንን የማይፈትን መላጫ መፈለግ ሆነ።

የምሠራው እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ አንድ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ነው። ሥራዬ የደረቁ ተክሎችን ወረቀት ላይ አጣብቆ መመዝገብ ነው፤ ቅጠሉ ስንት ጥርስ አለው፣ ግንዱ ጸጉራም ነው ወይስ ልሙጥ። መላጫውንም በዚያው መንገድ ያዝኩት። ከቁስቋም በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ድምፁን አጥፍቼ ወንዶች ሲላጩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች እመለከት ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ለረጅም ጊዜ አብረውኝ ሲያዩ ቆዩና «አገጩ ሥር ቀርቶታል» አሉኝ። መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

ከቪዲዮዎቹ የተማርኩትን በሠንጠረዥ ጻፍኩ። እጀታው አጭርና የማያንሸራትት ይሁን። ከበድ ቢል ይሻላል፤ ክብደቱ ራሱ ስለሚላጭ እጅ አይጫንም። ምላጩ በሁለቱም ጎን እኩል ብቅ ይበል፤ አንዱ ጎን ካፈነገጠ ያ ጎን ይቆርጣል። ወርቅማ ቀለም ዋጋ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። በመጨረሻው ረድፍ ላይ «ለአባቴ ምን ብዬ እሰጠዋለሁ?» ብዬ ጻፍኩ። ያ ረድፍ ባዶውን ቀረ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከሳሙና እስከ ጃንጥላ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ። መላጫዎቹ ከባለሱቁ ጀርባ፣ መስታወት ውስጥ ተሰቅለዋል። ወንዶች ቆመው በሚያወሩበት ደጅ ገብቶ «መላጫ» ማለት ለእኔ ከምረቃ ፈተና ይከብደኝ ነበር። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ሳሙና ገዛሁ። በማግስቱ ማበጠሪያ። ከዚያ የጫማ ክር፣ ጥፍር መቁረጫ፣ አንድ ጥንድ የወንድ ካልሲ። ካልሲውን አባቴ ወደደው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቤታችን የጎደለው መላጫ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሠንጠረዡን አጥፌ ይዤ ገባሁና ምንም ሳልናገር ለባለሱቁ ሰጠሁት። ዘርግቶ አነበበው።

«ይሄ ጨረታ ነው?» አለኝ።

«የጺም መላጫ ነው» አልኩ ለጃንጥላዎቹ።

ሦስት አወረደልኝ። አንዱ እጀታው ፕላስቲክ፣ አንዱ ወርቅማ፣ አንዱ ምንም የማይመስል ብርማ። ወርቅማውን ወደ እኔ ገፋው። «ለሙሽራ ከሆነ ይሄ ነው።»

«ለሙሽራ አይደለም» አልኩ፤ ሳላስበው በጣም ፈጠንኩ። ደጅ ላይ የቆሙት ዞረው አዩኝ።

ሦስቱንም ፈታሁ፣ ምላጭ አስገብቼ ገጠምኳቸው፣ ወደ ብርሃን አንስቼ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጠርዛቸውን ተመለከትኩ። ወርቅማው በግራ በኩል ያዘነብላል። ባለሱቁ ክርኑን ባንኮኒው ላይ ተክሎ ያየኛል።

«እህቴ፣ ሚዛንም ላምጣልሽ?»

«ካለህ ጥሩ ነው» አልኩ። እየቀለደ መሆኑ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ክብደት የሚል ረድፍ ስለነበር እኔ የምሬን ነበር። እሱም ቃሉን አላጠፈም። ከጎኑ ካለው ቅመም ቤት ሚዛን ተውሶ አመጣ፤ ሦስቱ መላጫዎች በተራ ተመዘኑ፤ ደጅ የነበሩትም ገብተው ውጤቱን ተከታተሉ። ብርማው አሸነፈ። ዋጋውም ከወርቅማው በግማሽ ያነሰ ነበር። ከአምስት ምላጮች ጋር ጠቀለለልኝና «የሚላጨው ሰውዬ አሳዘነኝ» አለ። በርበሬ የነካውን እጀታ ሳላጥበው እንዳልሰጥ ማስታወሻ ያዝኩ።

ለአባቴ ማታ ራት ላይ ሰጠሁት። «ርካሽ አገኘሁ» ብቻ አልኩት። አገላበጠው፣ ፈትቶ ገጠመው፣ በጣቱ ሚዛኑን ፈተነ።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። ከአባቴ አፍ ይህ ትልቅ ቃል ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጺሙ እንደነበረ ነው። ከእሱ ጎን የሚሸምነው የድሮ ጓደኛው አንድ ጋቢ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በአድናቆት ይዳብሳል። አባቴ ደግሞ በአዲሱ መላጫ ከጋቢው ላይ የተነሣውን የጥጥ ፀጉር ቀስ እያለ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ያወርዳል።

«ነዪ ንኪው» አለኝ ጓደኛው። «እንደ ሕፃን ጉንጭ ሆኗል። እስከ ዛሬ በባዶ ምላጭ ስንፍቅ ስንት ጨርቅ ቀደድን። ይሄ እኮ አይቀድም።»

«ልጄ ናት የመረጠችው» አለ አባቴ። «ዝም ብላ አትገዛም።»

ምላጭ በሸማኔ ቤት የክር መቁረጫ ነው፤ ለእነሱ የገዛሁት ዕቃ ከሥራ መሣሪያ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም ነበር። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን ረድፍ አልሰጠሁትም። በዚያ ሳምንት ሁለት ጋቢና አንድ ፎጣ ተላጩ። የቀሩትን አራት ምላጮችም አባቴ ለጎረቤት ሸማኔዎች አደላቸው።

ዓርብ ማታ አክስቴ መጣች። በሹክሹክታ ነገርኳት።

«ማንን ላጨ?»

«ጋቢውን።»

ራሷን ይዛ ተቀመጠች። መላጫው መገዛቱን እንደሰማች ለሽማግሌዎቹ እሁድ ጠዋት ኑ ብላ ነበር። «ጺሙ ወርዷል አላልኩም» አለች። «‹እየወረደ ነው› ነው ያልኩት። ውሸት አይደለም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውኃ አሞቅኩ። ሳሙናና ፎጣ፣ እናቴ ስትላጨው ታስቀምጥበት ከነበረው በርጩማ ጋር፣ በመስኮቱ በኩል አዘጋጀሁ። ለአባቴ የምለው አልነበረኝም፤ ያ ረድፍ አሁንም ባዶ ነው። በመጨረሻ «ቅዳሜ ነው» አልኩት።

በርጩማውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መጥቶ ተቀመጠ።

ሳሙናውን አረፋ አድርጌ ቀባሁት። መላጫውን እሱ ያዘ፤ እኔ ከማስታወሻዬ አነበብኩለት። «አትጫነው። በሠላሳ ዲግሪ ያዝ።»

«ዲግሪሽን ዛሬ ገና አየሁት» አለ።

ከግራ ጀመረ። ጋቢ የላጨ ምላጭ ግን ጺም አይላጭም፤ ይነቅላል። አባቴ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ በሁለት እጁ እየተጫነ፣ በብዙ ትግል የግራውን ጉንጭ ጨረሰ። ቀኙ ላይ ምላጩ ጭራሽ እምቢ አለ። ሌላ ምላጭ በግቢው ውስጥ ብንጠይቅ የተገኙት ሁሉ ክር የቆረጡ ናቸው። መሽቶ ሱቁም ተዘግቷል። አባቴ በግማሽ ፊቱ ባለ ሐዘን፣ በግማሽ ፊቱ ነፃ ሰው ሆኖ አደረ። ለቅዳሴ በነጠላው ቀኙን ሸፍኖ ሄደ።

እሁድ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ ሮጬ ደረስኩ። ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል። «ምላጭ! አምስት!» አልኩ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእኔ መውጣቱን እስከ ዛሬ አላምንም።

«ልመዝነው?» አለ ባለሱቁ።

«ዛሬ አይመዘንም» አልኩት።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አዲሱን ምላጭ ገጥሜ ጠበቅኩት። «አትጫነው» ማለትን ረሳሁ፤ እጁ ደግሞ የትናንቱን አልረሳም። እንደ ትናንቱ ተጭኖ አንድ ጊዜ ሳብ፣ ሁለተኛ ሳብ ሲያደርገው ጺሙ ወረደ፤ ፊቱም በስድስት ቦታ ተቆረጠ። ሸማኔ ቤት ጥጥ አይጠፋም። ከዘንቢሉ እየቆነጠረ ቁስሎቹ ላይ ለጠፈ። ጥጡ ተነፋፍቶ ቆመ፤ አባቴ ከበፊቱ የባሰ፣ ግን በተለያየ አቅጣጫ የበቀለ ነጭ ጺም ያለው ሰው ሆነ።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ሦስት ሽማግሌዎች ከሸጎሌ መጥተዋል። እኔ መጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ጓዳ የነበረችው አክስቴ ልታስገባቸው ስትወጣ፣ አባቴን አይታ «ወይ ወንድሜ» ብላ ቆማ ቀረች። ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደ ደንቡ ቆሙ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው፤ ሦስቱም የአባቴን ግንባር ብቻ ይመለከቱ ነበር።

«የመጣነው ለመልካም ነገር ነው» ጀመሩ ትልቁ። «ልጃችንን ልጅ ያድርጉልን፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን ብለን…» አንዱ ጥጥ ከአባቴ አገጭ ተላቆ ቀስ ብሎ ወረደ። ሁላችንም እስኪያርፍ ጠበቅን። «…ብለን ነው።»

በእንዲህ ያለ ጊዜ አባት የሚጠይቀው ይታወቃል፤ ልጁ የማን ልጅ ነው፣ ሥራው ምንድን ነው፣ ጠባዩስ።

«በምንድን ነው የሚላጨው?» አለ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተመካክረው፣ ዘር ቆጥረው መጥተዋል፤ ይህን ግን ማንም አልነገራቸውም። ሁለተኛው ይቅርታ ጠይቀው ወደ ግቢ ወጡና ስልክ ደወሉ። «በምን ነው የምትላጨው? … አይ፣ ቀልድ አይደለም፣ እየጠየቁ ነው … እ? … እሺ፣ እሺ።» ተመልሰው ቆሙ።

«እውነቱን እንናገር» አሉ። «ጺም ብዙም አላወጣም። ላለችው ግን ፀጉር ቤት ይሄዳል።»

አባቴ ይህን በቁም ነገር አሰበበት። አንዱን ጥጥ በጣቱ ጫን አደረገ።

«እንግዲያው አንድ መላጫ ለሁለታችን ይበቃናል» አለ። «ቁጭ በሉ።»

ሦስቱም ተቀመጡ። አክስቴ ማልቀስ ጀመረች፤ መጋረጃው ጀርባ እኔ የቀሩትን አራት ምላጮች በመዳፌ ጨብጬ ቆሜያለሁ፤ ደግነቱ ከነወረቀታቸው ነበሩ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ጠራኝ። መላጫውን አጥቦ ፎጣው ላይ አስቀምጦታል።

«ሱቅ ያመላለሰሽ ሌላ ጉዳይ እንዳለ ካልሲውን ያመጣሽ ቀን ገብቶኛል» አለ።

«ምላጮቹን ለጋቢ እንዳትሰጥ» አልኩት።

«ለጋቢው ሌላ ትገዢለታለሽ» አለና እግሩን አስገብቶ ወደሚሸምንበት ጉድጓድ ወርዶ ድሩን ሊያይ ሄደ። እሁድ ስለሆነ ግን አልነካውም።