ጫማዬን የማወልቅበት ሕንፃ

ቅዳሜ ዕለት የልጅ ልጄ በአዘዞ መንገድ ወዳለው ባለ አራት ፎቅ የገበያ ሕንፃ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ጫማዬን ማውለቅ ስጀምር ክንዴን ያዝ አደረገችኝ... «እማማ፣ ኧረ ሰው እያየን ነው!» አለች። ይየና! ዘጠና ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፣ ማንን ነው የማፍረው? ግን ለምን እንደማወልቅ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ይኸው ዛሬ እኔ እያወራሁ እሷ ትጽፋለች።

ቦታው ድሮ የጣሊያን መጋዘን ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ባላምባራስ ደረሶ የሚባሉ ባለጸጋ ገዙትና ከፋፍለው አራት ሱቅ አወጡበት። ከከተማ ውጭ ማን ሊገዛ ይመጣል ተብሎ ተሳቀባቸው። ማኪና ሲበዛ ገበያተኛውም በዛ። አራቱ ሰባት ሆኑ፤ ከጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ አምስት ተቀጠለ። ከአምስቱ የመጀመሪያው የእኔ ነበር። አቡጀዲ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ከረሜላ እሸጣለሁ። ባሌ ሾፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው፤ በሱቁ አዛዧ እኔ ነኝ።

ጠበበኝ ብዬ ባላምባራስን መነዝነዝ ጀመርኩ። ሲሰለቻቸው ሱቄን የሚያዋስነውን የመጋዘኑን ማዕዘን አስፈርሰው፣ ወደ ኋላ ስበው፣ በዚያው በአሮጌው ድንጋይ መልሰው አስገነቡት። ሸጋ ሱቅ ሆነልኝ! ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ከትክል ድንጋይ በኩል አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት የጀመሩት። አያ ታከለ ይባላሉ። በሩ ላይ የጎማ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ አንዲት ከረሜላ ይገዛሉ፣ ጥጉ ጋ ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ወለሉ አፈር ነው፣ ዓርብ ዓርብ በእበት እለቀልቀዋለሁ። የልቅልቄን ማማር አይተው መስሎኝ ኮራሁ። ለጎረቤቶቼ «የእኔን ሱቅ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚገቡት!» እያልኩ አወራሁ።

ግን ሲሄዱ ከረሜላዋን ጥጉ ላይ፣ መሬት ላይ አገኛታለሁ... ሳትፈታ። መጀመሪያ ወደቀችባቸው አልኩ። በሳምንቱም እዚያው ናት። በሦስተኛው መተት ነው ብዬ አማተብኩና በመጥረጊያ ጠርጌ ከደጅ ጣልኳት። ከዚያ ወዲያ ለዚያ ጥግ ጀርባዬን መስጠት ፈራሁ። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከጨው ጆንያው ኋላ ሕፃን ትንፋሹን ይዞ የተደበቀ ይመስለኝ ነበር። ጆንያውን አንስቼ አያለሁ... ምንም።

አንድ ቅዳሜ ጫማቸውን ሲያወልቁ አሾፍኩባቸው።

«አያ፣ ከእንግዲህ እንኳ ማውለቅ ቀረልዎ። ማክሰኞ ባላምባራስ ሲሚንቶ ሊያፈሱበት ነው።»

መሬቱ ላይ ዘጭ አሉ።

«ምነው ልጄ... ምነው ማክሰኞ?»

«ምን ሆኑብኝ፣ አያ?»

«ልጄ እዚህ ናት።»

ጣሊያን ሊወጣ ሲል በነበረው ውጊያ አያ ታከለ መጋዘኑ ውስጥ ኩሊ ነበሩ። የሰባት ዓመት ልጃቸውን አለሚቱን የመድፍ ፍንጣሪ ገደላት። መንገዱ እሳት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ አልተቻለም። ከመጋዘኑ ማዕዘን ዘጠኝ እርምጃ ቆጥረው ባዶው ቦታ ላይ ቀበሯትና ድንጋይ አኖሩባት። ከዓመታት በኋላ አፅሟን ወደ ደብራቸው ሊያፈልሱ ሲመጡ ድንጋዩ የለም፣ ሱቅ ቆሟል። ከማዕዘኑ ተነስተው ዘጠኝ ሲቆጥሩ የእኔ ጥግ ላይ አረፉ። «በየሳምንቱ ልነግርሽ እመጣና ታባርሪኛለሽ ብዬ እፈራለሁ» አሉኝ።

ጠርጌ የጣልኳት ከረሜላ ትዝ አለችኝ። አፈርኩ፣ አለቀስኩም።

ባላምባራስ ዘንድ ሮጥኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ መቃብር ላይ ነው የሚሸጡት ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል?» ብለው ጮኹብኝ። እግራቸው ላይ ብወድቅ ሰኞ እንድንቆፍር ፈቀዱልኝ... በር ተዘግቶ፣ ለማንም ሳይወራ።

ሰኞ አያ ታከለ ከቄሳቸው ጋር መጡ። ለአፅሟ መጠቅለያ ነጭ አቡጀዲ ቀድጄ አዘጋጀሁ። ቆፈርን። እስከ ጉልበት... እስከ ወገብ... አፈር ብቻ! አያ ታከለ አፈሩን በእጃቸው እያፈሱ ያዩታል። ቄሱ ቀና ብለው ግድግዳውን ተመለከቱ።

«ይህ ማዕዘን ድሮም እዚሁ ነበር?»

ክው አልኩ። የግድግዳው ድንጋይ ያው አሮጌው ነው፣ አያ ታከለ በምን ይወቁት?

«አያ... ሱቄ ጠበበኝ ብዬ ያስነሳሁት እኔ ነኝ።»

ስንት ክንድ እንደተሳበ የለካ የለም። ግንበኛውም አገር ለቋል። ከአምስቱ ሱቆች የትኛው ሥር እንዳለች ማን ይወቅ? ባላምባራስ ሌላ ሱቅ አላስቆፍርም ብለው ማሉ። ማክሰኞ አምስቱም ላይ ሲሚንቶው ፈሰሰ። አቡጀዲው እንደታጠፈ እጄ ላይ ቀረ።

«ይርገሙኝ፣ አያ» አልኳቸው። አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣሉ አላልኩም፤ መጡ። አምስት ከረሜላ ገዙ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው አምስቱንም ሱቅ በባዶ እግራቸው ዞሩ፤ በየጥጉ አንዳንድ አኖሩ። ሰዉ አብደዋል አለ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲያ ሆነ። እሳቸው ሲሞቱ... እንግዲህ ማን ያውልቅላት?

ሱቆቹ ፈርሰው ፎቅ ሆኑ፣ ፎቁም በየጊዜው እያደገ ሄደ። ወለሉ ዛሬ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ቅዳሜም ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ፣ ከረሜላዬንም አልረሳሁም።

«እማማ፣ ወለሉ ይበርድሻል እኮ!» አለችኝ የልጅ ልጄ።

ይብረደኛ... ከሥሩ ያለችውን ያህል አይበርደኝም።