ስሜን ያስመለሰችልኝ ሕይወት

ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ባለው ፀጉር ቤቴ ደንበኛ እየሠራሁ ስልኬ ጠራ። «ወርዷል! ገጹ ተዘግቷል!» አለችኝ ሕይወት። ማበጠሪያውን ጥዬ እልል አልኩ።

ነገሩን ለማታውቁ፣ ከወር በፊት አንድ ሰው በስሜና በፎቶዬ የፌስቡክ ገጽ ከፍቶ፣ እንኳን ልጽፈው ላነበው የሚያሳፍረኝን ነገር ይለጥፍ ጀመር።

አንዳንድ ደንበኞቼ እውነት መስሏቸው ቀሩ። እኔም ከቤት መውጣት አስጠላኝ።

የሕይወት ሥራ እንዲህ የደረሰባቸውን ሴቶች መርዳት ነው። ማስረጃውን አንድ በአንድ ሰበሰበች፣ ገጹን ሪፖርት አደረገች፣ ፖሊስ ጣቢያም አብራኝ ሄደች። ተስፋ ስቆርጥ «አንቺ ቤትሽን ክፈቺና ሥሪ፣ ይሄን ለእኔ ተይው» ትለኝ ነበር።

ከሰዓት ፀጉር ቤት ጠራኋትና ለደንበኞቼ ሁሉ «ስሜን ያስመለሰችልኝ እሷ ናት» አልኳቸው።

እትዬ በላይነሽ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ስለነበሩ አልሰሙም። ደግሜ ስነግራቸው ቢጎዲኑ ራሳቸው ላይ እንዳለ ተነስተው ግንባሯን ሳሟት። ፌስቡክ የላቸውም፤ እልልታቸው ግን አራት ኪሎ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሕይወት አለቀሰች። «በዚህ ሥራ የሚሰድበኝ አጥቼ አላውቅም። ሲያመሰግኑኝ ግን ምን እንደምል ይጠፋኛል» አለች።

«አሜን በያ ልጄ!» አሏት እትዬ በላይነሽ።

«አሜን» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች እየሳቀች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እናንተስ፣ እንዲህ የደረሰችላችሁ ሴት አለች? ዛሬውኑ ደውላችሁ አመስግኗት። ምን እንዳደረገችላችሁም እዚህ ጻፉልኝ፣ አብረን እልል እንበልላት።