ለሁሴን የመረጥኩለት ጂፒኤስ

ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ ሁሴን ክንዴን ያዝ አደረገኝ። አብረን ያደግን ጓደኛዬ ነው። ማሳውም ባሏ ከሞተባት ከታናሽ እህቴ ከዘሃራ ማሳ ጋር ይዋሰናል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ምረጥልኝ» አለኝ።

ጅዳ የሚሠራው ልጁ አይሱዙ ገዝቶለታል። ሾፌሩ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ቆላ ሲወርድ ጉም እየያዘው መንገድ ይስታል አለኝ። ስለዚህ ልጁ መንገድ የሚያሳይ ጂፒኤስ ሊልክለት ነው... ግን የትኛውን?

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ደስታውን መደበቅ ይቸግረዋል። ቤቴ ገብቼ ደብተር አወጣሁ። ዝናብ ይችላል? በምን ኃይል ይሠራል? የእኛን መንገድ ያውቃል? የቆሙበትን ቦታ መዝግቦ ይመልሳል? በማግስቱ ሁሴን ቤት ሆኜ ልጁን በስልክ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ አንደኛው መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነው። ይናገራል እኮ! ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ ይላል።»

«ካርታው ውስጥ መካነ ሰላም አለች?»

ቁልፍ ሲነካካ ይሰማኛል።

«አዲስ አበባ አለች። ደሴም አለች። ከደሴ ወዲያ ባዶ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኛ ዘንድ ሲደርስ አፉ ሊያዝ ነው!»

ሁሴን እስኪያስለው ሳቀ። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ፣ ለተራራና ለጫካ የተሠራ ነው። ዝናብ አይጎዳውም። ከየሱቁ በሚገኝ በሁለት ባትሪ ይሠራል። የመንገድ ካርታ ባይኖረውም የሄዱበትን ነጥብ በነጥብ ይዞ መልሶ ይመራል። ለመኪናም ለእግርም ይሆናል ብዬ ይህንኑ መረጥኩ።

ከወር በኋላ ዕቃው ከጅዳ በተመለሰ ሰው እጅ መጣ። ሳተላይት እስኪያገኝ ገላጣ ቦታ ላይ መጠበቅ እንዳለበት፣ ጥቂት ሜትር ሊሳሳት እንደሚችልም ለሁሴን አስረዳሁት።

«በቃል አይገባኝም። እስቲ ማሳዬን ዞረን እንለማመድ» አለ።

እሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እኔ በየማዕዘኑ እየቆምኩ መሣሪያው የሚያሳየውን የቦታ ቁጥር ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የዘሃራ ወሰን ላይ ስንደርስ ወደ እሷ ማሳ ገባ።

«ሁሴን፣ ይሄ የዘሃራ ነው።»

«አብሽር! ዳሩ ጭቃ ነው፤ ለጫማህ አዝኜ ነው። ልምምድ አይደል እንዴ?»

ጫማዬን አየሁት... አዲስ ነበር። ተከትዬው ገባሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ነጥቦች በእህቴ ማሳ ውስጥ ካሉት ጽዶች ሥር እየቆምኩ ጻፍኩ።

በወረቀቱ ራስ ላይ «ልምምድ አንድ»፣ ከሥሩ ደግሞ «የሁሴን ማሳ ማዕዘኖች» የሚል ርእስ ሰጠሁት። በግርጌው ስሜንና ቀኑን ጽፌ ፈረምኩ። ስምና ቀን የሌለውን ሥራ አልቀበልም እያልኩ ስንቱን ተማሪ መልሻለሁ! ወረቀቱን ገንጥዬ ለሁሴን ሰጠሁት... እንዲያጠናበት።

ዘመኑ የመሬት ይዞታ ደብተር የሚሰጥበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው መሬት ኮሚቴ የመለኪያ ገመዱን ይዞ ወደ ሁሴንና ወደ ዘሃራ ማሳ መጣ። እኔም ከዘሃራ ጋር እዚያው ነበርኩ። በሁለቱ መካከል የነበረውን የሣር ድንበር ማረሻ በየዓመቱ እየገፋ ጨርሶታል። ወሰኑን ያውቁ የነበሩት ሽማግሌም አርፈዋል። ኮሚቴው ግራ ተጋብቶ ሳለ ሁሴን ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ተማሪዬ ነበር። ወረቀቱን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ አይደለም?»

«ነው።»

«ፊርማውስ?»

«የኔው ነው። ግን ልምምድ ነበር! ከላይ ጽፌበታለሁ፣ እየው!»

ወረቀቱን ሰጠኝ። የሚጀምረው «የሁሴን ማሳ ማዕዘኖች» ከሚለው ነው። ከእሱ በላይ ያለው በመቀስ፣ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል።

«ሁሴን... ወላሂ በል! ልምምድ አላልክም?»

ሁሴን ገመዱን ያይ ነበር እንጂ እኔን አላየኝም።

ከኮሚቴው አንዱ «ለልምምድ የሚፈርም ሰው ደግሞ ዛሬ አየሁ!» አለና ሌሎቹን አሳቃቸው። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም። «ጋሼ፣ ከእርስዎ ጽሑፍ የተሻለ ማስረጃ ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። ከልቡ ነበር... እኔን ማክበሩ ነው።

ዘሃራን ተከራከሪ አልኳት። ባፍርም ጮኼ ነበር የነገርኳት። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ተወው፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ከጻፍከው በኋላ እኔን ማን ያምነኛል?»

ሊቀ መንበሩ የወረቀቱን ነጥቦች በሁሴን መሣሪያ እየፈለገ ገመዱን እስከ ጽዶቹ አዘረጋ። ዘሃራ ገብስ የምትዘራበት ዳር በሁሴን ደብተር ገባ። አቤቱታ ጻፍኩ፤ ወረዳ ድረስ ተመላለስኩ። በየቢሮው ያንኑ የተቆረጠ ወረቀት እያወጡ «ፊርማው የማን ነው?» ይሉኛል።

ከሳምንታት በኋላ የቤቴ በር ተንኳኳ። ሁሴን ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶ መሣሪያውን ዘረጋልኝ።

«ባትሪ ብቀይርለት እምቢ አለኝ። አንተ እኮ ታውቀዋለህ፤ እስቲ እየው።»

የጀርባ ክዳኑን ከፈትኩ። አንዱን ባትሪ ገልብጦ ነው ያስገባው። ትንሽ አየሁት... ክዳኑን ገጥሜ መለስኩለት።

«አላውቀውም» አልኩት።

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ እያወቅኩ አላውቅም ብዬ የመለስኩት ተማሪ ሁሴን ብቻ ነው።