አባቴ ለዓይኔ ሲሉ ያፈረሱት ቃል

ይህ የሆነው አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። አባቴ የሰጡትን ቃል ሲያፈርሱ ያየሁት በዚያን ቀን ብቻ ስለሆነ ከልቤ አይወጣም።

ሥራዬ ሃይፋ ከተማ ውስጥ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሰው ሳጥብ መነጽሬ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ ሳጎነብስ ይወድቃል። ኧረ ሰለቸኝ! ዓይኔን በሌዘር ልታከም ብዬ ቆረጥሁ። ምርመራው በጠብታ ስለሆነና ስመለስ ዓይኔ ስለሚደበዝዝ አባቴን ይዤ ሄድሁ። ከምንኖርበት ከሀዳር ሰፈር በአውቶብስ ነው የሄድነው።

ሐኪሟ ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዳችኝ። በአንደኛው የዓይንን የፊት ሽፋን በስሱ ቆርጠው እንደ ክዳን ይገልጡና ከሥሩ በሌዘር ያስተካክላሉ። ቶሎ ይድናል፤ ግን ዓይንን ያደርቃል፣ ክዳኑም ከተመታ ሊንሸራተት ይችላል። በሁለተኛው ላዩን ብቻ ፍቀው በሌዘር ያስተካክላሉ። ለቀናት ያቃጥላል፣ እይታው እስኪጠራ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ጠባሳ ይተዋል፤ ክዳን ግን የለውም።

«ያንቺ ዓይን ሳሳ ያለ ነው፤ መፋቁ ይሻልሻል» አለችኝ።

«ቤሰደር» ብዬ እሺ አልሁ። ያሳሰበኝ ከሥራ የምቀርበው ነበር።

ከዚያ «ከቤተሰብ ዓይኑን የታመመ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም የለም አልኋት። እውነቴን ነው። እዚያው ሃይፋ አጠገብ ክርያት አታ የሚኖሩት አክስቴ በደንብ እንደማያዩ አውቃለሁ፤ ግን ጎንደር ሳሉ ጭስ ነው የጎዳቸው ሲባል ነው ያደግሁት።

አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ቃል እየፈለጉ በዕብራይስጥ «አለ። እህቴ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ በአማርኛ «ጭስ አይደለም ልጄ። ገና በልጅነቷ ነው የጀመራት። እዚህ ከመጣን በኋላ የዓይኗ ፊት እየሳሳ፣ እየሾለ እንደሚሄድ ሐኪም ነገራት። በዘር የሚተላለፍ ነው ከተባለ ሴት ልጆቿን የሚያገባ ይጠፋል ብላ ፈራች። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ» አሉኝ።

ብው አልሁ። «እንዴ አባዬ! እስከ ዛሬ ዝም?»

የነገሩኝን ስተረጉምላት ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። በሌላ መሣሪያ እንደገና አየችኝ። «የግራ ዓይንሽ መሾል ጀምሯል» አለች። «ቆርጠንም ሆነ ፍቀን ካሳሳነው እይታሽን ልታጪ ትችያለሽ። ሁለቱም ላንቺ አይሆኑም።» ዓይኔን እንዳላሽና በየጊዜው እንድታይ አዘዘችኝ።

ስንወጣ አባቴ ወደ ቤት እንሂድ አላሉም። ከዚያው ክርያት አታ ሄድን። አክስቴ በር ከፈቱልን፤ በጠብታው ምክንያት ፊታቸው አልታየኝም።

«ምስጢርሽን አወጣሁ። የልጄን ዓይን ሊነኩት ነበር» አሏቸው አባቴ።

«ልጅህ ከልጆቼ በለጠችብህ?» አሉ አክስቴ። በሩም ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ አባቴና አክስቴ አልተነጋገሩም። የአክስቴ ትንሿ ልጅ ነገሩን ሰምታ በኋላ ስትመረመር እሷም ጀምሯት ተገኘ፤ በጊዜ ተደርሶ መሾሉን የሚያቆም ሕክምና ተደረገላት። ለእናቷ ግን አልነገረችም።

እኔ ዓይኔ ስለተረፈ ተመስገን እላለሁ፤ ደስታው ግን ሙሉ አይሆንልኝም። ባለፈው የስግድ በዓል ለጸሎት ስንሰበሰብ እህትና ወንድም ተራርቀው ቆሙ። ጸሎቱ እስኪያልቅ አባቴ ዓይናቸውን ከእህታቸው ላይ አልነቀሉም። አንጀቴን በሉት። አክስቴ ከዚያ ርቀት ሰው አይለዩም፤ ወንድማቸው ሲያዩአቸው እንደዋሉ አያውቁም።