በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ካሮልተን ውስጥ የምሠራበት ላውንደሪ ባለቤት ኮሪያዊት ናቸው፤ የአሜሪካ ዜግነት ከወሰዱ ግን ቆይተዋል። ያን ሰሞን ሁኔታቸው አላማረኝም። አንድ ቀን አሻራ ሊሰጡ ሄዱ፣ ሌላ ቀን ጉርድ ፎቶ ተነስተው መጡ። ካውንተሩ ላይ የኮሪያ ቆንስላ ፎርም ረስተው ሳይ ነገሩ ገባኝ። በትውልዳቸው የመኖሪያ ቪዛ አውጥተው ኮሪያ ሊገቡ ነው። ሱቁን ሸጠው እኔን ሜዳ ላይ ሊጥሉኝ!

ግን አልጠየቅኳቸውም። እኛ ጋ የቪዛ ፕሮሰስ ለማንም አይወራም፤ የሰው ዓይን ያጨናግፈዋል። እኔ ራሴ ዲቪ ሲደርሰኝ አንድ ክፍል ለምንጋራው ወንድሜ የነገርኩት ቲኬት ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ሶ፣ እሳቸውም ዓይን ፈርተው ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። በሆዴ ግን ረገምኳቸው። በማልሰማው ኮሪያኛ ስልክ ሲያወሩ እንኳ ጆሮዬን እቀስር ነበር።

አንድ ቀን አንድ ኮሪያዊ ደንበኛ ሸሚዙን እየተቀበለኝ፣ "አዲሷ አሠሪህ መቼ ትጀምራለች?" አለኝ። ደሜ ፈላ። ጓዳ ገብቼ፣ "ለምን ደበቁኝ?" ብዬ ጮህኩባቸው።

ሴትየዋ ግራ ገብቷቸው ወደ በሩ ወሰዱኝ። መስተዋቱ ላይ በኮሪያኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እያነበቡ ተረጎሙልኝ፦ እሳቸው ይሄዳሉ፣ ሱቁን የእህታቸው ልጅ ትረከባለች፣ ሠራተኛው ይቀጥላል።

"ከተለጠፈ ወር ሆነው እኮ" አሉኝ። "ምነው፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ይላል ብለህ ብትጠይቀኝ?"

ወረቀቱ እንዳይረጥብ እየተጠነቀቅኩ፣ ያንን መስተዋት በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ ነበርኩ።