ሦስት ልጅ ማቁረብ

የዚያን ቀን ጎንደር ላይ በረዶ ጣለ። ጠዋት ጠርቶ የነበረው ሰማይ ቀትር ላይ ጠቆረና የቁስቋምን ግቢ ባቄላ በሚያህል በረዶ ነጭ አደረገው። ወሩ ነሐሴ ስለሆነ ነገሩ አይገርምም። ይመኙሽን የገረማት፣ በረዶው እሷን ቆሞ ሲጠብቅ የዋለ መምሰሉ ነው። ልጆቿን ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደደረሰች ወረደ።

ይመኙሽ የጀመረችውን የምትጨርስ ሴት አልነበረችም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል እንደደረሰች ለደብተራ ኃይለ ጊዮርጊስ ተዳረች። ካገባች ወዲያ የጀመረችው ሙዳይ፣ ክዳን ሳይወጣለት ዶሮ እንቁላል ጣለችበት። የምትጨርሰው ነገር ቢኖር ልጆቿ የተዉትን ትራፊ ብቻ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ ግን እልህ ያዛት። በፍልሰታ ልጅ ሁሉ ይጾማል፣ ልጅ ሁሉ ይቆርባል። የእሷ ልጆች ግን አንድ ላይ ቆርበው አያውቁም። አንዱ የሽሮ ድስት ልሶ ይገኛል፤ አንዷ መንገድ ላይ እሸት ትለምናለች። አብረዋት የሚኖሩት አማቷ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ደግሞ፣ «እኔ ሰባቱን እንደ በግ ነድቼ ነው ያቆረብኋቸው» ይሏታል።

ስለዚህ ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው «ዛሬ ሦስቱንም!» ብላ ተነሣች። ቅዳሴው የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ውኃም መቅመስ የለባቸውም። እንስራውን ከደነች፤ የድስቱን ክዳን በድንጋይ ተጫነች። የስድስት ዓመቱን ሐዲስንና የአራት ዓመቷን ትርንጎን በመቀነቷ ጫፍና ጫፍ አስራ፣ ሕፃኑን አድማሴን አዝላ ወጣች። ያያት ሁሉ ወደ ጠዳ ገበያ ፍየል የምትነዳ መስላዋለች።

የሚበላ ነገር የሚገኝበትን ቦታ ሁሉ አስባ ነበር። ከሰማይ ይወርዳል ብላ ግን አላሰበችም።

ከአጥሩ ጥግ ተጠልለው ሳለ የትርንጎ ጉንጭ አብጦ አየች።

«አፍሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«ክፈች!»

ጣቷን ስትከትባት በረዶው ሟሙቶ አልቋል። የሐዲስም ከንፈር ረጥቧል፤ ይመኙሽ ግን ወደዚያ አላየችም። ከሦስት ሁለትም ሸጋ ነው ብላ ፊቷን አዞረች።

የንስሐ አባቷ ቄስ ገብረ ሚካኤል ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«አባ፣ ይቺ ልጅ በረዶ በላች። ጾም ይሽራል?»

«ዋጠችው ወይስ ተፋችው?»

«ሟሟባት።»

«እንግዲያ ውኃ ጠጥታለች። የቀመሰ አይቆርብም፤ ነገ አምጫት።»

«ከሰማይ ነው እኮ የወረደው፣ አባ!» አለ ሐዲስ።

«መናም የወረደው ከሰማይ ነው፣ ልጄ። ሰዎቹ ግን ቁርስ አድርገውታል።»

ሐዲስ አሰበ፣ አሰበና፣ «እንግዲያ እኔም ቁርስ በልቻለሁ» አለ።

ማንም አልጠየቀውም። ይመኙሽ ዝም በል ብላ ብታፈጥበት፣ «ሁለት ነው የበላሁ» ብሎ ጨመረበት።

መጀመሪያ ልትቆነጥጠው ቃጣት። እሷ የሸሸገችውን ነው ያወጣባት። ቀጥሎ ግን ደረቷን ሞቅ አላት። ይህን ማን አስተማረው? አባቱ እንዳትል፣ ደብተራው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ መቋሚያውን ተደግፎ እንዳላያቸው ሆኗል። የቀረችው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ገና አሁን ፊቷን ስታዞር ነበር። ቢሆንም ልጁን ያሳደገው ሌላ ሰው አልተገኘም።

አድማሴ ብቻ ቆረበ፤ እሱም እንቅልፉን ሳያቋርጥ።

እማሆይ ከቅዳሴው ቀድመዋት ተመልሰው የቤታቸው ደጅ ላይ ጠበቋት። «ምነው አንች፣ ሦስት ነድተሽ አንድ አቆረብሽ?»

«ሥራ የፈታስ የለም፣ እማሆይ። አንዱ ቆረበ፣ አንዷ በረዶ በላች፣ አንዱ እውነት ተናገረ።»

«ማነው እውነት የተናገረ?»

«ሐዲስ።»

«ሳይገረፍ?»

«ሳይጠየቅ።»

እማሆይ ሐዲስን ሳብ አድርገው ግንባሩን ሳሙት። ይመኙሽ እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ አማቷ የሰባቱን ነገር ሳያነሡ ያለፉት ያን ቀን ነው። ድስቱን የተጫነችበትን ድንጋይ አንሥታ ምሳ አቀረበች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ትራፊ ሳትጠብቅ ከልጆቿ ጋር እኩል በላች።

ይመኙሽ ዛሬም ቁስቋም ትኖራለች። አምስተኛ ልጇን አዝላለች፤ ወገቧን ያማታል፤ ሦስት ልጅ በአንድ ቀን አቁርባ አታውቅም።