የአረፋ ድርሻ

ከከሚሴ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው ሚኒባስ መስኮቱ ጋ የተቀመጡት ሴትዮ አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ነጭ የፎም ካርቶን አስቀምጠዋል። ፀሐይ እንዳያገኘው ከትከሻቸው ያወለቁትን ሻርፕ ደርበውለታል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሊጭነው እጁን ዘረጋ።

«ኢልመኮ፣ ተው» አሉት፣ በኦሮምኛ «ልጄ» ብለው፣ የገዛ ልጃቸው ይመስል። «ወንበሩ የሱ ነው፤ ከፍዬለታለሁ።»

መንገዱን ሁሉ ሂና በጠገበ እጃቸው የካርቶኑን ጎን ይዳብሳሉ፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን እንደያዘ ሰው። ቅዝቃዜው ሲሰማቸው «አልሐምዱሊላህ» ይሉና መልሰው ሜዳውን ያያሉ።

«ምንድን ነው፣ እናቴ?» አልኳቸው ከፊታቸው ካለው ወንበር ዞሬ።

«የአረፋ ሥጋ። ከበዓሉ ጀምሮ ጎረቤቴ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሆኖ ሰነበተ። ዛሬ ቦሌ ካርጎ ይረከቡኛል፤ ነገ ጅዳ፣ ልጄ ቤት ይገባል።»

ስለ አውሮፕላኑ የሚያወሩት ገበያ አድርሶ እንደሚመለስ ባጃጅ ነው።

ከኋላ የተቀመጠ ነጋዴ ሳቀ። «በአረፋ ጅዳ ሥጋ ጠፍቶ ነው?»

ዞረው እንኳ አላዩትም። «እዚያማ ሞልቷል። የሷ ድርሻ ግን የታረደው እዚህ ነው።»

ልጅቷ ከሄደች ስንት ዓመቷ እንደሆነ አልነገሩንም፤ መቼ እንደምትመጣም።

ሰንበቴ ላይ አንድ ወጣት ተሳፈረና ካርቶኑን እያየ «እዚህ ሰው አለበት?» አለ።

«አለበት» አሉ ሴትዮዋ፣ ቁርጥ አድርገው።

ቅድም የሳቀው ነጋዴ ጠጋ አለና ወጣቱን ከጎኑ አስቀመጠው።